መቀመጫ የተነፈገች ነጋዴ

ከጋዝጊብላ ተነሥታ፣ ልጇን አዝላ ወደ ሰቆጣ፣ ወደ ወልድያ ወይም ወደ አዲስ አበባ የምትወርደውን እናት በሁለት ስም ብቻ እናውቃታለን። በመሥሪያ ቤት መዝገብ «ተረጂ» ትባላለች፤ በከተማ ጎዳና ደግሞ «ሕገ ወጥ» ትባላለች። ስንዴ ሲታደል ስሟ ይጠራል፤ ቡናዋን አፍልታ፣ እንጀራዋን ጋግራ ወይም ሽንኩርቷን ደርድራ ለመሸጥ ስትቀመጥ ግን ትባረራለች። እጇን ስትዘረጋ የምናዝንላት፣ በእጇ ስትሠራ የምንቆጣት ይህች ሴት ምን ብታደርግ ደስ ይለን ይሆን? እኛ ሁለቱንም ስሞች አንቀበላቸውም። ይህች እናት ነጋዴ ናት። የጎደላት ሙያ አይደለም፤ ትጋትም አይደለም። የጎደላት የምትቀመጥበት ስፍራ፣ ነዋሪነቷን የሚመሰክር ወረቀትና በራሷ እጅ ያለ ጥቂት ገንዘብ ነው። እነዚህን የነፈጋት ድርቅና ጦርነት ብቻ ሳይሆን ከተማውና መሥሪያ ቤቱም ጭምር መሆናቸውን በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ እንወዳለን።

«ስደተኛ የሚለውን ቃል ስለ ምን ለአገሯ ልጅ ትሰጣላችሁ?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በሕግ ቋንቋ ስደተኛ የሚባለው የአገሩን ወሰን ተሻግሮ የሄደ ሰው ነው፤ በአገሩ ውስጥ ለተንከራተተው «ተፈናቃይ» የሚል ሌላ ቃል ወጥቶለታል። ነገር ግን የዋግ ሴት ጎረቤቶቿ የሚያውቁትን ደጇን ትታ፣ አፏን በኽምጣና የፈታች ሆና ሳለ በሌላ ቋንቋ ዋጋ መጥራት ሲኖርባት፣ የቀበሌው ጸሐፊም ቀና ብሎ ሳያያት «ከየት መጣሽ? ማን ያውቅሻል?» ሲላት፣ ወሰን መሻገሯን ማን ይጠራጠራል? ወሰኑ በካርታ ላይ አልተሰመረም እንጂ እርስዋ በየቀኑ ትረግጠዋለች።

የዋግ ምድር ልጆቿን የምትሸኘው ጠልታቸው አይደለም። ጋዝጊብላ ደጋማ አገር ነው፤ ገብሱና ባቄላው፣ ስንዴውና ጤፉ እንደ ዓመቱ ይበቅልበታል። ይሁን እንጂ ተራራው ቀጥ ያለ፣ አፈሩ በጎርፍ የታጠበ፣ የቤተ ሰቡም ማሳ ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል የጠበበ ነው፤ ክረምቱ ጥቂት ሳምንታት ቢዘገይ ወይም ቀድሞ ቢወጣ ያ ዓመት የችግር ዓመት ይሆናል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን በጨረሰው ረኃብ ዋግና ላስታ ክፉኛ ተጎድተዋል። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከዋግ፣ ከላስታና ከራያ የተሰደደው ሕዝብ በቆረም ሜዳ ላይ ሲረግፍ፣ በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው ሥዕል ዓለምን አስለቀሰ። በዚያው ዓመትና በተከታዩ መንግሥት 600 ሺህ የሚያህል ሕዝብ ከመኖሪያው አንሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በመተከል አሠፈረ፤ በዚህም ጊዜ ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ የተለያዩበት ቤት ብዙ ነው። ድርቁ በ2008 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይም ቆላማዎቹን የዋግ ወረዳዎች፣ ዝቋላን፣ ሰሐላንና አበርገሌን መታ። በመካከሉ በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ወደ ዋግ ዘልቆ፣ ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ በሰቆጣና በወለህ ተጠለለ።

በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር እናስተውላለን። ይህችን እናት ረኃብ ሲያነሣት አልተጠየቀችም። መኪና ጭኖ ሲያሠፍራት አልተጠየቀችም። ጦርነት ሲያባርራት፣ በመጠለያ ድንኳን ቁጥር ሲሰጣትም አልተጠየቀችም። በገዛ ፈቃዷ የመጀመሪያውን ውሳኔ የምትወስነው ጀበናዋን ጥዳ፣ ረከቦቷን ዘርግታ ደንበኛ በጠበቀች ቀን ነው። እንግዲህ ያችን አንዲት ቀን ከእጅዋ የምንነጥቃት በምን አንጀታችን ነው?

«ባላገር ንግድ አያውቅም» የሚል የከተሜ ወሬ አለ። ይህን የሚል ሰው የዋግን ታሪክ አላነበበም። ሰቆጣ በጥንቱ ዘመን ከአፋር በረሃ ተቈርጦ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍባትና ወደ ሌላው አገር የሚተላለፍባት የታወቀች ገበያ ነበረች። ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ሰቆጣ የገንዘብ መንገድ ነበረች ማለት ነው። እስከ ዛሬም የዋግ ነጭ ማር፣ ፍየሉና፣ የተከዜ ውሃ ከተገደበ ወዲህ ደግሞ ዓሣው ወደ ገበያ ይወጣል። ከዚህ አገር የመጣች ሴት ገበያን የምታውቀው ከልጅነቷ ጀምሮ እንቁላል ይዛ በወጣችበት የገበያ ቀን ነው እንጂ ሥልጠና በሚባለው የሦስት ቀን ስብሰባ አይደለም።

ሙያዋን «ቀላል ሥራ» ለሚሉት ደግሞ ጠላ መጥመቅን ብቻ እናስታውሳቸው። አስቀድማ ገብሱን ዘፍዝፋ፣ በቅጠል ሸፍና ብቅል ታበቅላለች። ጌሾውን አድርቃና ወቅጣ በውሃ ትጠነስሳለች፤ በጥንስሱ ላይ ብቅሉን ትጨምራለች። እንኩሮውን አንኩራ ትደፈድፋለች፤ ድፍድፉ ሲበስል ውሃ ጨምራ ጋኑን ታትማለች። ጋኑም አስቀድሞ ታጥቦ በወይራ ጢስ የታጠነ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ጠጪው በመጀመሪያው ጕንጭ ያውቀዋል። ብርድ ሲሆን ስንት ቀን፣ ሙቀት ሲሆን ስንት ቀን እንደሚያስፈልገው የሚነግራት መጽሐፍ የለም። በጾም ወራት ምን ያህል፣ ለጥምቀትና ለመስቀል ምን ያህል መጥመቅ እንዳለባት ታሰላለች። አተላውን እንኳ አትጥለውም፤ በሬ ለሚያደልብ ጎረቤት ትሸጠዋለች። ከጠጪዎቿ መካከል ማን በደመወዝ ቀን እንደሚከፍል፣ ማን ደግሞ መንገድ እንደሚቀይር ታውቃለች። ይህን ሁሉ በቃሏ ይዛ የምትሠራ ሴት በአንድ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ብትሆን ኖሮ ጥሬ ዕቃ ገዥ፣ ጠማቂ፣ ገንዘብ ያዥና የሽያጭ ኃላፊ የሚባሉ አራት ሰዎችን ደመወዝ በተገባት ነበር። እኛ ግን «ሥራ የላትም» ብለን በቅጽ ላይ እንሞላለን።

ገንዘብ አያያዟንም እንመልከት። ከተማ በገባች በጥቂት ወራት ውስጥ የመጀመሪያው ባንኳ እቁብ ነው። ሃያ ሴቶች በየቀኑ 50 ብር ቢጥሉ በየቀኑ ለአንዲቱ 1,000 ብር ይደርሳታል፤ ወለድ የለበትም፤ ማመልከቻም አይጻፍበትም። የእቁቡ ዳኛ ልጅ የታመመባትን ሴት ተራ ወደ ፊት ለማምጣት የሚጠይቀው የሌሎቹን ፈቃድ ብቻ ነው። በዚህ ገንዘብ አንዲቱ ምጣድ ትገዛለች፤ ሌላዪቱ ጤፍ በኩንታል ትገዛና በኪሎ የምትገዛበትን ጊዜ ትረሳለች። አንባቢ ልብ ይበል፤ በኪሎ ከመግዛት ወደ ኩንታል መሸጋገር ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለእርስዋ ግን ድኻው ዘወትር በውድ ዋጋ እየገዛ ከሚደኸይበት ወጥመድ መውጣት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሁሉ ድካም የሚያስገኝላት ትርፍ ትንሽ ነው፤ ትንሽ አይደለም ብለን አንባቢን አናታልልም። የሚለወጠው ግን የመቀነቷ ጫፍ ነው። በመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችው ገንዘብ የራሷ ሲሆን፣ የልጇን ደብተር ለመግዛት ማንንም አትለምንም። የቤት አከራይዋ ያልሆነ ነገር ሲጠይቃት «አይሆንም» ብላ ሌላ ቤት መፈለግ ትችላለች። በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራ ሳለ የደረሰባትን ስድብ ዳግመኛ ለመስማት አትገደድም። ወደ ጋዝጊብላ ለታመመች እናቷ ገንዘብ ስትልክ፣ በአገር ቤት «ኰብልላ ጠፋች» ይሏት የነበሩ ዘመዶች «እርስዋ እኮ ሰው ሆነች» ማለት ይጀምራሉ። ነጻነት የሚለውን ታላቅ ቃል በየአደባባዩ እናነሣዋለን፤ በአንዲት እናት ኑሮ ውስጥ የሚገኘው ነጻነት ግን ይህን ያህል ነው፤ እምቢ ለማለት የሚያበቃ ገንዘብ።

ሕጋችን ይህን ለመቀበል ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ ራስ ያደርገው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ በአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የቤተ ሰብ ሕግ የባልን የበላይነት ሰርዘው ሁለቱን እኩል አደረጓቸው። በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን መለጠፍ መጀመሩም የዚሁ ተከታይ ነው። ይህ መልካም ነው፤ እናመሰግናለን። ነገር ግን ይህ ሁሉ መብት የተጻፈው ማሳ ላላት፣ ደብተር ላላት ሴት ነው። ማሳዋን ትታ የወጣችው ንብረቷ አንድ ምጣድ፣ አንድ ጀበናና አንድ ሸራ ነው። በዚህ ንብረት ላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ይሠራል ወይስ አይሠራም? ይሠራል የምንል ከሆነ፣ ሸራዋን ነጥቆ የሚሄደው እጅ በምን ሥልጣን ነው የሚነጥቀው?

በከተሞቻችን ያለውን ልማድ አንባቢ ያውቀዋል። ነጋዴዪቱ ሸራዋን በመንገድ ዳር ዘርግታ፣ ቲማቲሟን በመደብ በመደብ አድርጋ ተቀምጣለች። ደንብ አስከባሪ ብቅ ያለ እንደ ሆነ የሸራውን አራት ጫፍ በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው ልጇን አንጠልጥላ ትሮጣለች። ካመለጠች ግማሹ ዕቃ ተጨፍልቋል፤ ካላመለጠች ሁሉም ተወርሷል። ይህን «ቅጣት» የሚል ስም የሚሰጠው ሰው ሒሳብ አያውቅም። ባለ ሱቅ ሲቀጣ የሚከፍለው ከትርፉ ነው፤ ጉሊቷ ሲወረስባት የሚሄደው ትርፉ ሳይሆን ዋናው ነው። ያ ዋና ደግሞ ምናልባት የእቁብ ገንዘብ ነው፤ ምናልባትም በአራጣ የተበደረችው ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የስድስት ወር ድካሟ ወደ ማዘጋጃ ቤት መጋዘን ይገባል፤ በማግስቱ እርስዋ ወደ ልመና ወይም ወደ ሰው ቤት ትመለሳለች፤ እኛም እንደ ገና «ተረጂ» ብለን እንመዘግባታለን። ዕቃዋን የሚነጥቁት ሰዎች ክፉዎች ናቸው አንልም። የታዘዙትን ይፈጽማሉ፤ ብዙዎቹም እንዲህ ያለች እናት በጉሊት ያሳደገቻቸው ናቸው። ወቀሳችን ትእዛዙን በሚያረቅቀው ላይ ነው።

ትእዛዙን የሚያረቅቀው ሰው የሚያቀርበው ምክንያት አንደኛው የከተማ ውበት ነው። ይህ ውበት የሚባለው ነገር የማን ዓይን እንደ ሆነ ይነገረን። አዲስ አበባ ገና መንደር ሳለች የመጀመሪያውን ሆቴል ያቆሙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው፤ ከተማዪቱ እንግዳ ተቀብሎ ገንዘብ መቀበልን የለመደችው በሴት እጅ ነው። ከዚያ ወዲህም የጠጅ ቤቱና የጠላ ቤቱ፣ የእንጀራውና የቡናው ንግድ የሴት ሆኖ ኖሯል። ይህን ከመንገድ ላይ ጠርጎ የሚገኘው ንጽሕና የበላተኛውን ሆድ ረስቶ የጠረጴዛውን ልብስ እንደ ማድነቅ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ቁም ነገር አለበት፤ «ኪራይና ግብር የሚከፍለው ባለ ሱቅ በደጁ በተቀመጠች ጉሊት ተበደለ» ይላሉ። ይህን አቤቱታ አናቃልለውም። መድኃኒቱ ግን ማባረር ሳይሆን ቦታ ለይቶ፣ ሰዓት ወስኖ፣ ጥቂት ኪራይ ማስከፈል ነው። እርስዋም ትከፍላለች፤ በደስታ ትከፍላለች። ዛሬስ ቢሆን አትከፍልም ወይ? በተወረሰ ዕቃ፣ በተጨፈለቀ ቲማቲም፣ ደረሰኝ በሌለው ክፍያ ከማንም ይልቅ ትከፍላለች፤ ከዚህ ውስጥ ግን ወደ መንግሥት ሣጥን የሚገባው ጥቂት ነው።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳይመስል የሕንድን አገር ምሳሌ እናቅርብ። በአሕመዳባድ ከተማ ኤላ ባት የተባሉ የሕግ ዐዋቂ በ1972 እ.ኤ.አ. በመንገድ ዳር የሚቸረችሩትን፣ በቤታቸው የሚሰፉትን፣ በራሳቸው ሸክም የሚሸከሙትን ሴቶች ሰብስበው «ሴዋ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ባንኮች አናበድርም ባሏቸው ጊዜ በ1974 እ.ኤ.አ. 4,000 ሴቶች እያንዳንዳቸው 10 ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ አቆሙ። ከብዙ ዘመን ክርክር በኋላ በ2014 እ.ኤ.አ. የሕንድ መንግሥት ስለ ጎዳና ነጋዴዎች ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት በከተማው ያሉት ነጋዴዎች ተቈጥረው የመሸጫ ምስክር ወረቀት ሳይሰጣቸው ማንም ከስፍራቸው ሊያነሣቸው አይችልም፤ የመሸጫ ቦታ በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥም ከመቶ 40 የሚሆኑት አባላት ነጋዴዎቹ ራሳቸው ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ሲሶው ሴቶች መሆን አለባቸው። ሕጉ በየከተማው ሁሉ በትክክል ተፈጽሟል አንልም፤ በሕንድም ያልተፈጸመ ሕግ ብዙ ነው። ነገር ግን ነጋዴዪቱ በፍርድ ቤት ቆማ የምትጠቅሰው አንቀጽ አላት። የእኛዋ የምትጠቅሰው ምን አላት?

ስለ ወረቀቱም ጥቂት እንናገር፤ ወረቀት የሌለው ሰው ምን ያህል እንደማይታይ የሚያውቀው ያጣው ብቻ ነው። በሰቆጣም ሆነ በአዲስ አበባ ነዋሪ ተብላ መታወቂያ እንድታገኝ ከነበረችበት ቀበሌ መሸኛ አምጪ ትባላለች። መሸኛውን ለማምጣት የመንገድ ገንዘብ ያስፈልጋታል፤ በጦርነቱ የተፈናቀለች እንደ ሆነች ደግሞ መዝገቡ የነበረበት ጽሕፈት ቤት ራሱ ተዘርፎ ወይም ተቃጥሎ ይሆናል። መታወቂያ ከሌላት የንግድ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ቦታ የለም፤ ቦታ ከሌለ ብድር የለም። በ2015 ዓ.ም. አዋጅ የወጣለት «ፋይዳ» የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ ከዚህ ችግር ጥቂቱን ያቃልላል ብለን እንጠብቃለን፤ ይሁን እንጂ ፋይዳ የሚመሰክረው ሰውዬው ማን እንደ ሆነ ነው እንጂ የት ነዋሪ እንደ ሆነ አይደለም፤ ቀበሌው የሚጠይቀው ደግሞ ሁለተኛውን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ኢትዮጵያዊ ሁሉ በአገሩ በፈለገው ስፍራ የመኖር መብት አለው ይላል። መብቱ በመሸኛ ታስሮ እንደሚኖር ግን አይልም።

ብድርን በሚመለከት በአማራ ክልል የተሠራውን መልካም ሥራ አንክድም። ዛሬ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የቤት ካርታ ለሌለው ገበሬ ያበደረው በቡድን ዋስትና ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ይዋሳል፤ አንዱ ሳይከፍል ቢቀር ሌሎቹ ይጠየቃሉ። በመንደር ውስጥ ይህ ብልህ ዘዴ ነው። ነገር ግን ስደተኛዪቱ እናት ያጣችው ሌላ ሳይሆን ይህንኑ ጎረቤት ነው። ትናንት የመጣችን ሴት ማን ይዋሳታል? «ተደራጂ» የሚለው ምክርም እንዲሁ ነው። ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ማኅበር መሥርታ፣ መተዳደሪያ ደንብ አስጽፋ፣ በየሳምንቱ ስብሰባ እንድትቀመጥ ይነገራታል፤ የዚያን ቀን ቡናዋን የሚያፈላላት ግን የለም። በባንግላዴሽ መሐመድ ዩኑስ በ1976 እ.ኤ.አ. ጆብራ በምትባል መንደር ለ42 ሰዎች ያበደሩት ገንዘብ በጠቅላላው 27 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ግራሚን ባንክ ተወለደ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኖቤል የሰላም ሽልማት መጣ። ከዚህ ታሪክ እኛ የምንወስደው ብድር ሁሉን ያድናል የሚለውን አይደለም፤ ብድር ያሰጠማቸው ድኾችም በብዙ አገር ታይተዋል። የምንወስደው የሚያስፈልገው ገንዘብ ምን ያህል ትንሽ እንደ ሆነ ነው። ለአንዲት እናት መነሻ የሚሆነው ገንዘብ ስለ እርስዋ ለመወያየት በሆቴል አዳራሽ ለሚደረግ የአንድ ቀን ስብሰባ ከሚወጣው የሻይ ወጪ ያንሳል ብንል አጋነናችሁ የሚለን ያለ አይመስለንም።

አሁን ስለ ስንዴው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በዋግና በሌሎችም ወረዳዎች የሚሠራው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ግን የሴፍቲኔት ስም የሚመዘገበው በቀበሌ ነው፤ ቀበሌዋን ለቅቃ የሄደች እናት ስሟ ከመዝገቡ ይወጣል። ስለዚህ ራሷን ለመቻል ስትንቀሳቀስ የምታገኘው የመጀመሪያ ነገር የእርዳታዋ መቋረጥ ነው። ቁጭ ብላ ብትጠብቅ ትበላ ነበር ማለት ነው። ይህ አሠራር ማንም ክፉ አስቦ ያወጣው አይደለም፤ ይሁን እንጂ ለተቀመጠችው ዋጋ ይከፍላል፤ የተነሣችውን ይቀጣል።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውን ታላቅ ውጥን አወጀ። ዓላማው በአገራችን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከመቀንጨር ነጻ እንዲሆኑ ማድረግ ሲሆን፣ ጊዜው እስከ 2022 ዓ.ም. ነው። የቃል ኪዳኑ ስም የተወሰደው ከእርስዋ አገር ነው። በየጤና ጣቢያው ለእናቶች የሚሰጠው ትምህርትም እውነተኛ ነው፤ ለልጅሽ እንቁላል አብዪው፤ ወተት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ጨምሪለት ይባላል። እናቲቱ ትሰማለች፤ ራሷንም ትነቀንቃለች። እንቁላሉን የሚገዛው ግን ትምህርቱ አይደለም፤ የመቀነቷ ጫፍ ነው። በራሷ ንግድ ቀን በቀን የምታገኝ እናት ከገበያ ስትመለስ ለልጇ አንድ እንቁላል ይዛ ትገባለች። በወር አንድ ጊዜ ስንዴ የምትቀበለው እንቁላል ለመግዛት ከስንዴዋ ላይ ቀንሳ መሸጥ ይኖርባታል። እንግዲህ በሰቆጣ ስም ቃል የገባው መንግሥት ከዋግ የወጣችውን እናት ከጉሊቷ የሚያስነሣ እንደ ሆነ፣ በቀኝ እጁ የጻፈውን በግራ እጁ ይሰርዛል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰ አንድ ነገር አለ። በአገሯ መቀመጫ ያጣችው ሴት በደላላ ተታልላ ባሕር ትሻገራለች። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመልስ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በሴቶችና በሕፃናት ተጨናንቆ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ለደላላ የተከፈለው ገንዘብ፣ ከብት ተሸጦ፣ ዘመድ ተበድሮ የተሰበሰበው፣ በሰቆጣ ወይም በወልድያ አንድ የእንጀራ ቤት በከፈተ ነበር። ይህን ምክር ለመስጠት ግን አፍ የለንም፤ ቤቱን ብትከፍት ኖሮ ማን ያስቀምጣት ነበር?

በሌላው ወገን ደግሞ የሚያስቀን፣ የሚያሳዝነንም ነገር አለ። ወደ አሜሪካ ተሰድደው በዋሽንግተን ከተማ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ጀምረው የምግብ ቤት ባለቤት ስለ ሆኑት እናቶቻችን በኩራት እናወራለን። የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2002 እ.ኤ.አ. የፌርፋክስን ጎዳና አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይም ደስ ብሎናል። እንግዳዪቱን ሀበሻ የባዕድ አገር ከተማ መንገዱን በስሟ ጠራላት ብለን እናመሰግናለን። የገዛ ከተማችንስ ለጋዝጊብላዪቱ እናት ምን ሰጣት? የሙያው ዓይነት አንድ ነው፤ ምጣዱም አንድ ነው፤ አብሲቱም የሚጣለው እንዲያው ነው። ልዩነቱ እዚያ ፈቃድ የሚሰጥ መስኮት መኖሩ፣ እዚህ ደግሞ የሚያባርር ዱላ መኖሩ ብቻ ከሆነ፣ በስደተኛ እናቶቻችን የምንኮራበት ኩራት ራሱን ይመርመር።

የምንከራከርላት ንግድ ሁሉ ያለ ነቀፋ ነው አላልንም። ድኻውን ከሥራው የሚያሰንፈው፣ ቤቱንም የሚያፈርሰው አረቄ በእናቶች እጅ ይወጣል፤ ሌላ መተዳደሪያ ስታገኝ አረቄውን የምትተው ሴት ግን ብዙ ናት። ልጅ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ በመኪና ጢስ ውስጥ ማደጉም ደስ አያሰኘንም፤ ስለዚህም ለሴት ሠራተኞች በየመሥሪያ ቤቱ የሚከፈተው የሕፃናት ማቆያ በየገበያውም እንዲከፈት እንጠይቃለን። ንግዱ ከስሮባት፣ ዕዳ ተቀብላ ወደ አገር ቤት የምትመለስም አለች። ንግድ ነውና ይከስራል። በመክሰር ግን ማንም ነጋዴ «ሕገ ወጥ» አልተባለም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ባለ ሥልጣኖች በእጃቸው ያለውን ያድርጉ። የቀበሌ ጸሐፊው መሸኛ ለሌላት ተፈናቃይ የሦስት ነዋሪዎችን ምስክርነት ተቀብሎ ይመዝግባት። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ዕቃ ከመውረስ አስቀድሞ የት ሂጂ እንደሚላት ይወስን፤ የት ሂጂ እንደሚላት ካላወቀ አይውረስ። የሴፍቲኔቱ ኃላፊ ራሷን ለመቻል የወጣችውን እናት ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከመዝገቡ አይሰርዛት። በሰቆጣና በወልድያ ያሉ መምህራን ማታ ማታ ለእነዚህ እናቶች የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ቢያስተምሩ፣ የሚያስተምሩትን ያህል እንደሚማሩ እናረጋግጥላቸዋለን። ተማሪዎችም በክረምት የዕረፍት ጊዜያቸው የየከተማቸውን ጉሊቶች ስምና ቁጥር፣ የሚሸጡበትን ስፍራና ሰዓት ቢመዘግቡ፣ ማዘጋጃ ቤቱ «ስንት እንደ ሆኑ አናውቅም» የሚለው ምክንያቱ ይቀርበታል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች መንገዶች እየሰፉ፣ የእግር መሄጃው እየተነጠፈ ነው። ንድፍ አውጪው በወረቀቱ ላይ ለመኪና ማቆሚያ ሲያሰምር ለጉሊትም ያስምር። አንዲት ጉሊት ከነሸራዋ፣ ከነጀበናዋና ከነልጇ የምትፈልገው ስፍራ አንድ መኪና ከሚቆምበት ሩቡን አይሞላም።